ጂጂ አልበም ላይ ቤዙን ማን አበዛው? (41 ምላሽ ያገኘ ክር)

ክሩን፣ ማለትም መድረካችን ላይ ያለውን ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥፋት ካለ ከእኔ ይጀምራል። ሰኞ ማታ ደብረ ማርቆስ መብራት ጠፍቶ ነበር። ስልኬ 30 ፐርሰንት ቀርቶታል። ሰው ሥራ ሲፈታ ወይ ይተኛል ወይ ክርክር ይጀምራል። እኔ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

የጻፍኩት ባጭሩ ይህ ነው። እጅጋየሁ ሽባባው፣ የቻግኒዋ ጂጂ፣ በ2001 በራሷ ስም ያወጣችው አልበም ላይ ቤዙ፣ ያ ወፍራሙ የታች ድምፅ፣ በዝቷል። ድምጿ የጎጃም ነው። ዜማው ጆሯችን የሚያውቀው ነው። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ግን ራሱ ቤዝ ተጫዋች ስለሆነ ያገኘውን ሁሉ በቤዝ አጥለቀለቀው። ዋሽንቱ ገና ሊተነፍስ ሲል ይጫነዋል። ጥሩ ጠላ ተከልሶ ቅራሪ የሆነ ያህል ነው የሚሰማኝ። እናንተስ መጀመሪያ የሰማችሁት ቀን ምን ተሰማችሁ? ይህን ለጥፌ ስልኩን አጠፋሁት።

ጠዋት ስከፍተው መብራቱ መጥቷል፤ ሰዉም መጥቷል።

ምላሽ ቁጥር 1 ከፍኖተ ሰላም ነው። ሰላምታው ብቻ ሦስት መስመር ፈጀ። መድረኩን፣ አድሚኖቹን፣ እኔንና ቤተሰቤን ጠይቆ ሲያበቃ በሐሳቤ በግማሽ እንደሚስማማ ገለጸ። ያኔ አባቱ ካሴቱን ከፍተው፣ ሁለት ዘፈን ታግሰው፣ ቴፑ ታሞ እንደሆነ ጠይቀውት ነበር። ባትሪ ቀይሮ ደግሞ አጫወተላቸው። ድምፁ ያው ሆነ። አባትየውም ካሴቱን አውጥተው የቀረርቶ ካሴታቸውን መለሱ። ልጁ ግን ማታ ማታ ድምፁን ቀንሶ ይሰማው እንደነበር አልደበቀም። ስለ ቤዙ አንድም ቃል አልጻፈም፤ ያኔ አላስተዋልኩትም።

ቁጥር 2 ሰላምታ የለውም። ውሸታም ነህ ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። እሱ በ2001 ባሕር ዳር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ አልበሙ ያኔ ድሮ የወጣ፣ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ነበር። ቁጥር 3 በጨዋ ደንብ አረመው፤ እኔ የጻፍኩት የፈረንጅ 2001 እንደሆነና በእኛ 1993 እንደሚሆን አስረዳ። ቁጥር 4 ደግሞ 1994 ነው ብሎ ሙጭጭ አለ፤ ካሴቱን የገዛው የስምንተኛ ክፍል ፈተና በወሰደ ማግሥት ስለሆነ አይሳሳትም። ቁጥር 5 ላይ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ያለች ሴት ገባችና ሁለቱንም አስታረቀች። የፈረንጆቹ ዓመት ከጥር እስከ መስከረም መባቻ በ93፣ የቀረው በ94 ይወድቃል። ደግሞም ካሴት አዲስ አበባ በደረሰበት ቀን ሞጣ አይደርስም። ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ። ዓመቱን ስጽፍ የማን አቆጣጠር እንደሆነ አለመናገሬ የእኔ ስንፍና ነው። አራት ምላሽ በላብኝ።

ቁጥር 6 ሲመጣ ነገሩ ሞቀ። የቻግኒ ልጅ ነው። የቆጨው ቤዙ አይደለም፤ የጎጃም ድምፅ ማለቴ ነው። በእሱ አነጋገር ቻግኒ የገበያ ከተማ ናት። ቅዳሜ ገበያ ላይ አገውኛ፣ አማርኛና ጉምዝኛ በአንድ ጆሮ ይገባሉ። ከቻግኒ ወደ ግልገል በለስ የሚወስደውን መንገድ ያየ ሰው አገሩ እንዴት እንደሚለዋወጥ ያውቃል። እዚያ ያደገ ጆሮ ከመጀመሪያውም አንድ ዓይነት ነገር አይሰማም። ስለዚህ ጂጂ ኒው ዮርክ ሄዳ ነው የተቀላቀለችው የሚሉ ሰዎች ቻግኒን አያውቋትም። ይህ ምላሽ ጥሩ ነበር። ካስቀመጥኳቸው አንዱ ነው።

ቁጥር 7 ግን ከቢቸና ሆኖ ሁሉም ሰው ጂጂን የእኔ የእኔ እንደሚላት፣ ከታዋቂ ሰው ጋር ዘመድ ያልሆነ ሰው ጎጃም ውስጥ እንደሌለ ጽፎ አላገጠ። ቁጥር 8 ቻግኒ ድሮ በየትኛው አውራጃ እንደነበረችና ዛሬ በየትኛው ዞን እንዳለች አነሳ። ዘለልኩት። እናንተም ዝለሉት።

ቁጥር 9 ዋሽንት ነፊ ነው። ከመራዊ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ከብት ሲጠብቅ የተማረ፣ አሁን በሠርግ የሚጫወት። ረጅም ጻፈ፤ ቃሎቹ ግን የተቆጠሩ ናቸው። መጀመሪያ እኔን አረመኝ። ዋሽንት በቤዝ አይታፈንም። ቤዙ ታች ነው፣ ዋሽንቱ ላይ ነው፤ አይገናኙም። ሸምበቆው አራት ቀዳዳ ብቻ አለው፤ ስለዚህ ነፊው ቁመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንት ይዞ ይዞራል፤ ዘፋኙ በፈለገው ድምፅ ቢጀምር የሚስማማውን ከከረጢቱ ያወጣል። ዋሽንትን የሚያፍነው ከእሱ ጋር እዚያው ላይ የሚወዳደረው ነው። ያ ደግሞ ኪቦርድ ነው። በካሴት ዘመን አንድ ኪቦርድ የዋሽንቱንም የማሲንቆውንም ቦታ ወሰደ። የማሲንቆ ድምፅ የሚያወጣ ቁልፍ ተጭነው ማሲንቆ ነው ተባለ። ያኔ ማን ጮኸ? እሱ እንደሚያስታውሰው ማንም። የፈረንጅ ቤዝ ሲመጣ ግን ሁላችንም የባህል ጠባቂ ሆንን።

ይህ ቀጥታ ወደ እኔ የተወረወረ ነበር። እኔ እኮ በ90ዎቹ የኪቦርድ ካሴት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አንድ ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ቁጥር 10 ከቡሬ መጣ፤ ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ ተቆጥቷል። ሰርገኛ አምስት ሙዚቀኛ ቀጥሮ፣ አብልቶ፣ አሳድሮ መክፈል እንደማይችል፣ አንድ ኪቦርድና አንድ ዘፋኝ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚያስጨፍሩ፣ ዋሽንት ነፊው ራሱ ብዙ ጊዜ ከእነሱ ኋላ ቆሞ እንደሚበላ አስታወሰ። የመጨረሻዋ ነገር ከባድ ነበረች። ዋሽንት ነፊው አልመለሰም። ጥሩ አደረገ።

ከ11 እስከ 13 የሳቅ ምልክት፣ የልብ ምልክት፣ አንድ ደግሞ ንጹሕ የቋሪት ማር ሻጭ። አድሚኑ የማሩን አጠፋው። ማሩን ሊገዛ ስልክ የጠየቀው ሰው ግን እስካሁን ክሩ ላይ አለ።

ቁጥር 14 የቅኔ ቤት ሰው ናቸው። ስማቸውን አላወቅነውም፤ ሰዉ ሁሉ ወዲያው የኔታ ይላቸው ጀመር። እሳቸው ስለ 2001ዱ አልበም ብዙ አልተናገሩም። የከነከናቸው በ2006 በፈረንጆቹ የወጣው ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ወርቅና ሰም ነው፤ ወርቁ ቀድሟል። በቅኔ ቤት፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ የሚባለው ሰምና ወርቅ ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ ሰሙን ይቀርጻል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይገባል። ወርቁን ካስቀደሙ ምኑ ላይ ይፈስሳል? እንደ ተማሪ ቅኔ ቢቀርብላቸው እንደሚመልሱት ጻፉ። አንድ ሰው ለፈረንጅ ወርቅ የሚለው ቃል ሳይቀድም እንደማይሸጥ ሊያስረዳቸው ሞከረ። የኔታ መልስ አልሰጡም። እኔ ግን ይህን ስም ስንት ዓመት ሳነበው አንድም ቀን ቅደም ተከተሉን አላስተዋልኩም ነበር። ክሩ ለዚህ ብቻ ቢከፈትም አይከፋኝም።

ቁጥር 15 አንዲት የሞጣ ሴት ናት። የ2001ዱ አልበም ላይ ጉራማይሌ የሚባል ዘፈን አለ። ወጣቱ ይህን ቃል የሚያውቀው አማርኛና እንግሊዝኛ ደባልቆ የሚናገርን ሰው ለመስደብ ነው። እሷ አያቷን አነሳች። አያቷ ድዷን ተነቅሳ ነበር፤ ግን ሙሉውን አላጠቆረችውም። አንዱን ጥቁር፣ አንዱን እንዳለ ቀይ እየተወች ነው የተነቀሰችው። ጉራማይሌ እሱ ነው። አያቷ ስትስቅ ቀዩ የሚያምረው ጥቁሩ ጎን ለጎን ስላለ ነው። ቤዙን እንዲያ አድርጋ እንደምትሰማው ጻፈች፤ እሱ ባይኖር የጂጂ ድምፅ እንዲህ ቀይ ሆኖ አይታያትም።

በዚህ አልበቃትም። 14 ሰው ተሰብስቦ ስለ መሣሪያ ሲያወራ አንድ ሰው ስለ ድምጿ እንዳልጻፈ ቆጥራ ነገረችን። የኔታንም ጨምራ ቆጠረች። እናቷ ጥጥ ስትፈትል ከዚያ አልበም አንዱን ታንጎራጉራለች፤ ያለ ቤዝ፣ ያለ ዋሽንት፣ እንዝርቱ እየዞረ። እሷ ዘፈኑን መጀመሪያ የሰማችው ከእናቷ አፍ ነው፤ ካሴቱን ስትሰማ የእናቷን ዘፈን የሰረቁ መስሏት ነበር። እኔ ይህን ሳነብ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

ቀጥሎ ያለው ከ16 እስከ 19 ጠብ ነው። ቁጥር 16 ከደብረ ወርቅ አካባቢ ዲያቆን ነው። ሐሳቡ ቀና ነበር። ማኅሌት ቆሞ ያደገ ጆሮ መታገሥ ያውቃል። መጀመሪያ ቁም ዜማው፣ ቀጥሎ ዝማሜው በመቋሚያ፣ ከዚያ ከበሮው ገብቶ መረግዱ፣ መጨረሻ ላይ ጽፋቱ በጭብጨባ። ከበሮው ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ፊት ወፍራሙን ድምፅ ይሰጣል። ደረት ውስጥ የሚገባው ያ ነው። ስለዚህ ወፍራም ድምፅ ለጎጃም ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ፈረንጅ አላመጣልንም። አልበሙም ቀስ ብሎ የሚነሳ በመሆኑ ለእሱ አልከበደውም።

ቁጥር 17 ነደደው። ማኅሌትን ከዘፈን ጋር አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ድፍረት እንደሆነ፣ ዲያቆን ነኝ የሚል ሰው እንዲህ ባይጽፍ እንደሚሻል፣ የማዕረጉ እውነትም እንደሚያጠራጥረው ገለጸ። ቁጥር 18 ከበሮ በሠርግም እንደሚመታ፣ የመቺው እጅ አንድ እንደሆነ አስታወሰው። ዲያቆኑ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ግን የተናገረውን አላጠፋም። ያወራሁት ስለ ጆሮ እንጂ ስለ ቅድስና አይደለም የሚል መንፈስ ነበረው። ቁጥር 19 አድሚኑ ነው። የሚቀጥለው ስድብ እንደሚያስወጣ አስጠነቀቀ። ለትንሽ ሰዓት ክሩ ጭር አለ።

ቁጥር 20 ጭርታውን የሰበረው ከአሜሪካ ነው። ስሞቹን ዘረዘረ። ላስዌል ለዚህ አልበም የጠራቸው ሰዎች ቀላል አይደሉም፤ ሄርቢ ሃንኮክ አለበት፣ ዌይን ሾርተር አለበት፣ ፋሮ ሳንደርስ አለበት። ያሳተመው ፓልም ፒክቸርስ ነው፤ መሥራቹ ክሪስ ብላክዌል ደግሞ ቦብ ማርሌን ለዓለም ያሳወቀው ሰው ነው። የቻግኒ ልጅ ከእነዚህ ጋር ስትቆም እኛ ስለ ስፒከር እንከራከራለን፤ ይህ ነው የገረመው። ቁጥር 21 ከደንበጫ በስለት መለሰ። የስም ዝርዝር ጆሮ እንደማይከፍት፣ ትልቅ ሰው የነካው ሁሉ ጥሩ ከሆነ እሱም የሚኒስትር እጅ እንደጨበጠ አሳወቀን። ቁጥር 22 ላይ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ሁለቱን ገሠጹ። ሳንደርስ በ2022፣ ሾርተር በ2023 እንዳረፉ፣ የሞተ ሰው ስም ሲጠራ ቢያንስ ነፍስ ይማር እንደሚባል። ሁለቱም ነፍስ ይማር ጻፉ። እኔም ጻፍኩ።

ቁጥር 23 አንድ መስመር ነው። እኔ አልበሙን መጀመሪያ የሰማሁት በምን እንደነበር ጠየቀኝ። በቃ ይህን ብቻ።

መልሱን ለመጻፍ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ቁጥር 24 የእኔ ኑዛዜ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ ስሄድ፣ ከሾፌሩ ኋላ ሁለተኛው ወንበር ላይ፣ ከጭንቅላቴ በላይ ስፒከር ነበረ። ስፒከሩ የተቀደደ ነበር። ካሴቱ ደግሞ ከካሴት የተቀዳ፣ እሱም ከሌላ የተቀዳ ነው፤ ጀርባው ላይ በእስኪሪብቶ ጂጂ ተብሎ ተጽፎበታል። አውቶቡሱ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ያጓራል፣ ስፒከሩም ያጓራል። ከዚያ በኋላ ያንን አልበም ሙሉውን ቁጭ ብዬ ሰምቼው አላውቅም። አንድ አንድ ዘፈን በሬዲዮ፣ በሠርግ፣ በስልክ። አስተያየቴ ግን ከዚያ አውቶቡስ ጀምሮ አልተለወጠም።

ከ25 እስከ 30 ያለውን መድገም አልፈልግም። ሳቁብኝ። አንዱ ላስዌልን ይቅርታ እንድጠይቀው ጠየቀኝ። አንዱ ያ ሁሉ ቤዝ የዲዝል ሞተር ሊሆን እንደሚችል ገመተ። የደንበጫው ሰውዬ እንኳ ከአሜሪካው ጋር ታርቆ አብረው ሳቁ።

ቁጥር 31 የድምፅ ባለሙያ ነው፤ ባሕር ዳር ስቱዲዮ ውስጥ ይሠራል። ሳይስቅ ነው የጻፈው። ካሴት ከካሴት ሲቀዳ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። በቦታው ሽሽታ ይገባል። አንድ ጊዜ ሲቀዳ ትንሽ ይጠፋል፣ ሁለተኛ ሲቀዳ ይብሳል። የዋሽንቱ ትንፋሽ ያለው እዚያ ቀጭኑ ላይ ነው። ስለዚህ ዋሽንቱን የበላው ቤዙ ሳይሆን መቅረጫው ነው። ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ በትንሽ ስፒከር በደንብ አይወጣም፤ ስፒከሩ ሲቀደድ ግን ወፍራሙ በመጣ ቁጥር ብራናው ይንጫረራል። እኔ ቤዝ ያልኩት ያ መንጫረር ነው። እውነተኛውን ቤዝ ምናልባት አንድም ቀን አልሰማሁትም። ከዚህ ሁሉ ይህ ነው ያሳፈረኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ያልሰማሁትን ነገር ስጠላ ኖሬያለሁ።

ለእኔ የቆመልኝ ቁጥር 32 ብቻ ነው። መምህርት ናት፣ ከዳንግላ። ነገሩን ሁሉ ስፒከር ላይ ማላከክ ልክ አይደለም ባይ ናት። አልበሙ ውጭ አገር ሲወደስ አገር ቤት ያከራከረ ነበር፤ ጥሩ ቴፕ የነበራቸውም ሰዎች አልተዋጠላቸውም። ያኔ ሰዉ ከዘፋኝ የሚጠብቀው ትከሻ የሚያስነሳ ነገር ነው። ይህ አልበም ሠርግ ላይ ቢከፈት ሰዉ ተቀምጦ ያስባል። ሰርገኛ ደግሞ እንዲያስብ አልተጠራም። እሷ ራሷ ያመነችው ዘግይታ ነው። መንገዱም የተገላቢጦሽ ነበር፤ መጀመሪያ ጂጂ በ2003 አቢሲኒያ ኢንፊኒት በሚል ስም ከላስዌል ጋር ያወጣችውን ለስለስ ያለ፣ በአኩስቲክ መሣሪያ የተሠራ አልበም ሰማች፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሳ የ2001ዱን ስትሰማ ቤቱን አገኘችው። ከእኛ መሀል የአቢሲኒያ ኢንፊኒቱን አልበም ስንቶቻችን እንደሰማነው ጠየቀች። ሦስት ሰው ብቻ እጅ አወጣ።

ቁጥር 33 ላስዌል በዚያው በ2003 ይህንኑ የ2001 አልበም እንደገና አፍርሶ፣ ድምጿን ወደ ኋላ አርቆ፣ መሣሪያውን አስፍቶ ሪሚክስ እንዳወጣ ጠቆመ። ቤዝ በዛ የሚል ሰው ያንን ቢሰማ ሆስፒታል እንደሚገባም አከለ። እኔን ነው።

ከዚያ ክሩ ፈረሰ። ቁጥር 34 አባይ የሚለውን ዘፈን አነሳ። ግሽ ዓባይ የተወለደ ሰው ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ ሰፈሩ ውስጥ ያንን ዘፈን ደጋግመው እንደከፈቱት፣ ሽማግሌዎች እንዳለቀሱ ጻፈ። ቁጥር 35 የታሪክ መምህር ነው። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር አድዋ የሚለው ዘፈኗ በትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። ተማሪዎቹ በቃላቸው ያውቁታል፤ ግን አንዷ ተማሪ ዘፈኑ ለዘንድሮ በዓል የወጣ መስሏት ዘፋኟ አዲስ ናት ወይ ብላ ጠይቃዋለች። ዘፈኑ ከእሷ በዕድሜ እንደሚበልጥ ሲነግራት አላመነችውም። ቁጥር 36 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አድዋ መዝመታቸውን አስታወሰ። ቁጥር 37 ከዚያ ተነስቶ ወደ ዛሬ ፖለቲካ ገባ፤ 38 መለሰለት። አድሚኑ ሁለቱን አጠፋቸው። ምን እንደተባባሉ ቀድሜ ስላነበብኩ ጥሩ አደረገ እላለሁ።

ቁጥር 39 ጥሩ ሄድፎን ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀ። የሚገርመው በዚህ ክር ሁሉ ከተጠየቁት ጥያቄዎች ብዙ የግል መልእክት ያስከተለው ይህ ነው።

ቁጥር 40 የእኔ ነው። ረቡዕ ማታ የእህቴን ልጅ ሄድፎን ለመንኳት። መጀመሪያ ምን ልሰማበት እንደሆነ መረመረችኝ፤ ነገርኳት፤ ሳቀች፤ ሰጠችኝ። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ለክሩ የጻፍኩት ይህንን ነው። ቤዙ አለ፤ ብዙም ነው። ግን ላይ አይደለም የተቀመጠው፤ ታች ነው፤ እንደ ቤት ወለል። ባለ ዋሽንቱ የሚለው ዘፈን ላይ ስደርስ አቁሜ እንደገና ከፈትኩት። ካህን የሚለው ላይ የደብረ ወርቁን ዲያቆን አስታወስኩ፤ ቁጥር 17ን ፈርቼ ግን አልጻፍኩትም። ሁለት ዘፈን ላይ ዛሬም ቤዙ ትንሽ ቢቀንስ እላለሁ። የትኞቹ እንደሆኑ አልናገርም፤ ሌላ 41 ምላሽ አልችልም። ለሞጣዋ ሴት ደግሞ ስለ ድምጿ አንድ መስመር ጨመርኩላት። ልብ ምልክት ሰጠችኝ። የኔታም ሰጡኝ፤ ልብ መስጠት ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም።

ክሩ አልቋል ብዬ ሳለ ሐሙስ ጠዋት ቁጥር 41 ገባ። ድሮ በማርቆስና በባሕር ዳር መስመር የአውቶቡስ ረዳት የነበረ ሰው ነው። አሁን የራሱ ሱቅ አለው። ምሽቱን ሙሉ ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቧል። ያኔ ሾፌሮቹ ቤዙን እስከ ጥግ ከፍ ያደርጉት እንደነበር አመነ፤ ተሳፋሪ እንዳይተኛና ሾፌሩም እንዳይተኛ። ስፒከሮቹ ብዙ ጊዜ የሚቀደዱት ሰው ጣሪያ ላይ የማይገባ ዕቃውን እዚያ እየገፋ ስለሚያስገባ ነው። እሱ የሚሠራበት አውቶቡስ ላይ አንዱን ስፒከር የቀደደው የአንዲት እናት የበርበሬ ስልቻ ነበር። ከሾፌሩ ኋላ፣ በስተግራ በኩል።

የተቀመጥኩት በየትኛው በኩል እንደነበር፣ አውቶቡሱስ ቀለሙ ምን እንደነበር ጠየቀኝ። ወንበሩ በግራ በኩል ነበር። ቀለሙን እያሰብኩ ነው።